ጾም በሰው ገላ ላይ ይነበባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ የጾምን ሥርዓት ልዘርዝርላችሁ አልተነሣሁም፤ እርሱን መምህራን በሰፊው ጽፈውታል፣ የንስሐ አባቶቻችሁም ይነግሯችኋል። እኔ ላነሣት የፈለግሁት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር የምትሰማ አንዲት ንግግር አለች፤ እርሷን ነው። «እገሌ ግን እውነት ይጾማል? የሚጾም ሰው እንዲህ ይወፍራል እንዴ?» የምትለዋን።

ቀላል ጨዋታ ትመስላለች። ተስቆባት ይታለፋል። ነገር ግን እስኪ ገለጥ አድርገን እንያት። ይህን የተናገረ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለት ፍርድ ፈርዷል። በመጀመሪያ ያ ወንድም በስውር ይበላል ብሏል። ቀጥሎም ሳይጾም የጾመ መስሎ በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል፣ ምናልባትም ይቆርባል ብሏል። ይህ እኮ ከባድ ክስ ነው! ማስረጃው ምንድን ነው ብትሉ የሰውየው ቦርጭ ነው። ሌላ ምስክር የለም።

ደግሞም ዓይናችን አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም። ድሮ ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል፣ እግዜር አይቶታል» ይባል ነበር። ውፍረት የጥጋብና የሰላም ምልክት ነበር። የከሳውን ግን «ምን ነካው?» ይሉታል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመንማ የከሳ ሁሉ ይታማ ነበር፤ በሳንባ ነቀርሳ የከሳውም፣ በሐሳብ የከሳውም፣ በጾምና በስግደት የከሳውም እኩል በአንድ ሐሜት ይጠቀለል ነበር። ዛሬ በከተማው ነገሩ ተገልብጦ የወፈረው ይታማል። ወሬው ዞረ እንጂ ዓይኑ ያው ዓይን ነው።

አሁን ወደ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እንሂድ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መጨረሻውን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት በንጉሡ ማዕድና በወይን ጠጁ እንዳይረክሱ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ። የጃንደረቦቹ አለቃ ፈራ። ምን ብሎ ፈራ? ፊታቸው ከእኩዮቻቸው ይልቅ ከስቶ ቢታይ ንጉሡ የእኔን ራስ ይቀጣል ብሎ ነው (ዳን. 1፥10)። ይህ ሰው እንደ እኛ ነው የሚያስበው። ጾም በገላ ላይ ይነበባል ብሎ ያምናል። ዳንኤል ግን በላያቸው የተሾመውን ሰው ዐሥር ቀን ሞክረን አለው። ዐሥሩ ቀን ሲፈጸም ምን ታየ? እነዚያ ጥራጥሬ በልተው ውኃ የጠጡት አራቱ ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች ሁሉ ይልቅ መልካቸው ያማረ፣ ገላቸውም የወፈረ ሆነው ተገኙ (ዳን. 1፥15)።

አስተዋላችሁ? የጾሙት ወፈሩ! ያን ቀን ከእኛ አንዱ በባቢሎን ግቢ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ማንን ያማ ነበር? ዳንኤልን! «ይሄ ልጅ ማታ ማታ ከንጉሡ ጮማ ሳይቀምስ አይቀርም» ይል ነበር። በርግጥ ያ የእግዚአብሔር ሥራ ነው እንጂ ጥራጥሬ ያወፍራል ለማለት አይደለም። ነገር ግን እግዚአብሔር የዳንኤልን ጾም በመክሳት ሳይሆን በመወፈር የገለጠበት ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። (በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ የተሣሉትን የቅዱሳን ፊትም ስትሳለሙ ልብ በሉልኝ፤ ብዙዎቹ ክብና ሙሉ ናቸው።)

ጌታችንም በተራራው ስብከቱ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ፣ ራሱንም እንዲቀባ፣ ለሰው ጾመኛ መስሎ እንዳይታይ አዝዟል (ማቴ. 6፥16-18)። እንግዲህ የጾም ባለቤት ራሱ ጾማችሁ ከሰው ፊት ይሰወር ካለ፣ እኛ በሰው ጉንጭና ወገብ ላይ ጾምን የምንፈልገው በየትኛው ሥልጣናችን ነው? እርሱንም እኮ አልማሩትም። መጥምቁ ዮሐንስ እህል ውኃ ሲተው ጋኔን አለበት አሉ፤ ጌታችን ከኃጥአን ጋር ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ በላተኛ ብለው ስም አወጡለት (ማቴ. 11፥18-19)። ሐሜተኛ ምላስ በሁለቱም በኩል ስለት አላት።

ካህን እንኳ በዓይኑ ሊሳሳት ይችላል። ሊቀ ካህናቱ ዔሊ የሐናን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ ድምፅዋን ስላልሰማ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ኛ ሳሙ. 1፥12-16)። እርሷ ግን ልቧ ተሰብሮ ስለ ልጅ እየጸለየች ነበር። ዔሊ ያየው እውነት ነው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። የተሳሳተው ካየው ተነሥቶ በገመተው ነው። እኛም ውፍረቱን እናያለን፤ ምክንያቱን ግን እንገምታለን።

ስለ ምክንያቱ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን ማወቅ ምላሳችንን ለመግታት ይረዳናልና ጥቂት እንበል። በሕክምናው አቆጣጠር የሰው ክብደት በኪሎ፣ በቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ተካፍሎ ውጤቱ 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን እዚያ ደርሷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ እንዲህ ዓይነት ውፍረት እንዳለበት አስታውቋል። ከስምንት ሰው አንዱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሰነፍና ሆዳም ሆነ ልንል ነው?

ሰው ከሚያቃጥለው በላይ ሲበላ ትርፉ በስብ መልክ ይቀመጣል፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ጥያቄው ግን ለምን አንዱ ቶሎ ይጠግባል፣ ሌላው አይጠግብም? ለምን አንድ እናት ከአንድ ትሪ ካበላቻቸው ሁለት ልጆች አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ሸንበቆ ይሆናል? በ1986 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር በማደጎ ያደጉ 540 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ክብደታቸው ከወለዷቸው ወላጆች ጋር እንጂ ካሳደጓቸው ጋር ዝምድና አልተገኘበትም። ያሳደጋቸው ቤት ወጥ አይደለም የወሰነው፤ ከማኅፀን ይዘውት የመጡት ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሌፕቲን የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ። ይህን የሚሠራው በገላችን የተቀመጠው ስብ ራሱ ነው፤ ወደ አንጎል ሄዶ «ስንቅ አለን፣ ይበቃል» እያለ ይናገራል። ከሦስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ይህ ንጥረ ነገር ከልደታቸው ጀምሮ የሌላቸው ሁለት ልጆች ተገኙ። አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሲወለዱ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነበሩ፤ ረሃቡ ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም። ለልጅቷ የጎደላት ነገር በመርፌ ሲሰጣት ረሃቧ ረገበ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ቢሆንም አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ረሃብ ራሱ በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይጮኽም። ለአንዱ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማድረስ ቀላል መንገድ ነው፣ ለሌላው ዳገት ነው። ዳገቱን የወጣውን ሰው የምናማው እኛ ሜዳ ላይ የሄድነው ነን።

ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ግን የኔዘርላንድስ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944ና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ በዚያ አገር ጽኑ ረሃብ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ወንዶች ልጆች 19 ዓመት ሞልቷቸው ለውትድርና ሲመዘኑ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ከልክ ያለፈ ውፍረት አዘንብለው ተገኙ። እናት ተርባ ልጅ ወፈረ! የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ያለፈበት አገር ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? የዛሬው ውፍረት የትናንት ረሃብ ጠባሳ ሊሆን ይችላል።

ሌላም ሌላም አለ። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሥራው ሲቀዘቅዝ ሰው ብዙ ሳይበላም ሊከብድ ይችላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ሌሊት የሚያድር ዘበኛና የሌሊት ተረኛ፣ ረሃቡ ይጨምራል። ከማለዳ እስከ ምሽት መሪ ይዞ የሚቀመጥ ሾፌር፣ ሱቅ በደረቴ ትቶ ኪዮስክ ውስጥ የተቀመጠ ነጋዴ አለ። መድኃኒትም ያወፍራል፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖች፣ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ለኩላሊትም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን።

ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ አንዲት እህት ትዝ ትለኛለች። በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ነበረች። ኩላሊቷን ታምማ ያንን ኪኒን ለወራት እንድትውጥ ታዘዘላት። ኪኒኑ ባዶ ሆድ ላይ አይዋጥምና የንስሐ አባቷ ጠዋት ቀምሳ እንድትውጥ ፈቀዱላት። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ወገቧ ሰፋ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ጠዋት ከመቃብር ቤቱ ጀርባ ቁራሽ ዳቦ ስትበላ ታየች። ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንዲት ጓደኛዋ በሳቅ አስመስላ «አንቺስ ጾሙ ተስማምቶሻል» አለቻት። ሕመሟን በአደባባይ ልታስረዳ አልፈለገችም፤ የምታስረዳበትስ ምን ግዴታ አለባት? የመዝሙር ልብሷን አጥባ፣ አጥፋ መለሰች። ዛሬ ሁለት ታክሲ ይዛ ማንም በማያውቃት ሩቅ ደብር ታስቀድሳለች። ያቺ ጓደኛዋ በዚያ ጾም ሥጋ አልቀመሰችም፤ ሰው ግን በልታለች።

ይህን ስል ሆዳምነት ኃጢአት አይደለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ኃጢአት ነው። ነገር ግን ሆዳምነትና ውፍረት አንድ አይደሉም። ቀጭን ሆዳም አለ! የፈለገውን አግበስብሶ ገላው የማይዝለት፣ የጾሙን ሰዓት በጉጉት ቆጥሮ ማዕዱ ላይ እንደ ጅብ የሚወርድ፣ ለድሃ ቁራሽ የማይተርፈው፤ ሸንቃጣ ስለሆነ ግን ማንም አያማውም። ሆዳምነት የልብ ነገር ነው። ልብን ደግሞ የሚያይ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው ፊትን ነው የሚያየው፤ ይህንም ለነቢዩ ለሳሙኤል የነገረው ራሱ ነው (1ኛ ሳሙ. 16፥7)።

የማንነጋገርበት ሌላም ነገር አለ፤ የጾም ምግባችን። ከሥጋና ከወተት መከልከላችን መልካም። ግን ማታ ምን እንበላለን? ዘይት የጠጣ ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ የጾም ኬክ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ደጋግመን፣ ለስላሳ። ስብ፣ ዘይትም ቢሆን፣ በአንድ ግራም 9 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ስኳርና ዱቄት ግን 4 ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው በዘይት የተጠበሰውን ሲያገኝ እጁን መሰብሰብ ይቸግረዋል። ስለዚህ አንድ ሰው 55ቱን ቀን አንድም ሳያፈርስ ጾሞ፣ ለትንሣኤ ከብዶ ሊደርስ ይችላል። ድሃው ደግሞ ምርጫም የለውም፤ ፍራፍሬ ገዝቶ ቤተሰቡን ከሚመግብ ዳቦና ስኳር ያለው ሻይ ይረክስለታል፣ ሆድም ይሞላለታል። ዘይቱን ብንቀንስ፣ ክክና ጎመኑን ብናበዛ ለሥጋም ለነፍስም ደግ ነው፤ የተረፈውም ለተቸገረ ይድረስ። አባቶቻችን ጾምን ከምጽዋት ነጥለው አያውቁትም።

በሌላ በኩል ደግሞ በጾም ለመክሳት የሚነሣ ሰው በዝቷል። «ጾሙ ገባ፣ በዚያው ቦርጬን አጠፋለሁ» ይላል። ጤናን መጠበቅ አይነቀፍም፤ ውፍረት ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለጉልበት ሕመምም እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች የሚናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ሚዛን ላይ እየወጣ ጾሙን በኪሎ የሚቆጥር ሰው ባልቀነሰ ቀን ጾሙ ከንቱ የቀረ ይመስለዋል፤ በቀነሰ ቀን ደግሞ እንደ ፈሪሳዊው ይታበያል (ሉቃ. 18፥11-12)። የከሳም ገላ ደግሞ ሁልጊዜ በክሳቱ አይቆይም። በአሜሪካ በቴሌቪዥን የክሳት ውድድር ውስጥ ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አብዛኞቹ መልሰው ወፍረዋል፤ ገላቸውም ኃይል ማቃጠሉን ከሚጠበቀው በታች ቀንሶ እንደዚያው ቆይቷል። ሰውነት ያጣውን ስብ ለመመለስ ለዓመታት ይታገላል ማለት ነው። ስለዚህ መልሶ የወፈረውን ሰው «ወኔ የለውም» ከማለት በፊት ከማን ጋር ሲታገል እንደኖረ እናስብ።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ጌታችን ያንን 38 ዓመት የተኛውን በሽተኛ ከፈወሰ በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠነቀቀው (ዮሐ. 5፥14)። ዕውር ሆኖ የተወለደውን በተመለከተ ግን ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁት፣ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው (ዮሐ. 9፥2-3)። ሁለቱም በሽተኞች ናቸው። የአንዱ ከበደል ጋር ተያይዟል፣ የሌላው አልተያያዘም። በውጭ ለሚያይ ሰው ግን ልዩነት አልነበራቸውም፤ የለየው ጌታ ብቻ ነው። ደቀ መዛሙርቱ እንኳ አልለዩትም። እንግዲያስ እኔና እናንተ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመን የማንን ወገብ አይተን እንለያለን?

አንተ ገላህ የከበደብህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በሰው ዓይን ምክንያት ከቅዳሴ አትቅሩ፤ ከቅዱስ ቁርባንም አትራቁ። ሐሜት ፈርታችሁ ኪኒናችሁን ደብቃችሁ አትተዉ። ስግደቱ ለጉልበታችሁ ከከበደ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እንደ አቅማችሁ ይሰጧችኋል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ለደም ግፊት ኪኒን የምትውጡ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠቡ እናቶችም፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ በራሳችሁ ውሳኔ አትወስኑ። ጾም ከመግባቱ በፊት፣ ገብቶም ከሆነ በዚህ ሳምንት፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የሰጣችሁንም ምክር ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ቤተ ክርስቲያን በታመመ ልጇ ላይ የማይችለውን ቀንበር አትጭንም። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። መርፌ የምትወጉ ከሆነ ደግሞ ሩቅ ደብር ለማስቀደስ ስትሄዱ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ በኪሳችሁ ያዙ፤ ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠና ዓይናችሁ ከጨለመ ሳታፍሩ ወዲያው አፋችሁ ውስጥ አድርጉት፣ አጠገባችሁ ላለውም ሰው ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።